የልውውጥ ተማሪ ሆኖ በጃፓን ባህላዊ የሸክላ ሥራ ለመማር

የልውውጥ ተማሪ በጃፓን የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር ነው። በአገሩ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ደግሞ «ጭቃ ማሸት ሦስት ዓመት፣ መንኮራኩር አሥር ዓመት» የሚል የቆየ አባባል አለ፤ መንኮራኩር የሚባለው ጭቃው እየዞረ የሚቀረጽበት ገበታ ነው። በአንድ ዓመት ሙያውን ጨርሶ የሚመለስ ሰው የለም፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ ከጥሬ አፈርነት ተነሥቶ ከእቶን እስኪወጣ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ በገዛ እጁ ደጋግሞ የሄደበት ተማሪ፣ አሥር ዓይነት ዘዴ ከላይ ከላይ ቀምሶ ከሚመለሰው ይልቅ ብዙ ይዞ ይወጣል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጭቃና አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የሩዝ መመገቢያ ጎድጓዳ ሳህን ወይም እጀታ የሌለው የሻይ ስኒ፣ ይምረጡና የቆይታዎን ጊዜ በእሱ ላይ ያውሉ።

ቦታውን በጭቃው ይምረጡ

ብዙ አመልካች ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው በከተማው ዝና ነው፤ ቶኪዮና ኪዮቶ ስማቸው ስለሚታወቅ ቅጹ ላይ ቀድመው ይሰፍራሉ። የጃፓን ሸክላ ግን ያደገው አፈሩ ባለበት ነው። እያንዳንዱ የሸክላ ሠሪዎች መንደር በአቅራቢያው ካገኘው ጭቃ ጋር ለዘመናት ሲታገል የራሱን መልክ አውጥቷል። ስለዚህ በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባው ከየትኛው ጭቃ ጋር መሥራት እንደሚፈልጉ ነው።

ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ሥራቸው የዘለቀ ስድስት ሥፍራዎች አሉ፤ እነሱም ቢዘን፣ ሺጋራኪ፣ ታምባ፣ ኤቺዘን፣ ሴቶና ቶኮናሜ ሲሆኑ፣ በ2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድነት «የጃፓን ቅርስ» የሚል ዕውቅና ተሰጥቷቸዋል። በኦካያማ ግዛት የሚገኘው ቢዘን ግሌዝ፣ ማለትም እሳት ውስጥ ቀልጦ ወደ ብርጭቆነት የሚለወጠውን ቅብ፣ አይጠቀምም። ከሩዝ ማሳ ሥር የሚወጣው ብረት የበዛበት ጭቃ በቀይ ጥድ ማገዶ ከሳምንት በላይ ይተኮሳል። ቀለሙን የሚሰጡት በዕቃው ላይ የሚያርፈው አመድ፣ የነበልባሉ አካሄድና ከመተኮሱ በፊት የተጠመጠመበት የሩዝ ገለባ ናቸው። በሺጋ ግዛት ያለው ሺጋራኪ ደግሞ ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ነጫጭ ፍንጣሪ የተቀላቀለበት ሸካራ ጭቃ አለው፤ ትልልቅ ገንቦዎችን ይሸከማል፣ የጀማሪንም እጅ ይታገሣል። በዚያው ከተማ በ1990 የተከፈተው የሸክላ ባህል ፓርክ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሠሪዎችን ተቀብሎ ያሠራል፤ በአቅራቢያው የሚማር ተማሪ የእነዚህን ሰዎች ሥራ በዓይኑ ለማየት ትልቅ ዕድል አለው።

ግሌዝ የሚማርከው ሰው ወደ ጊፉ ግዛት፣ ወደ ሚኖ አካባቢ ቢሄድ ይሻለዋል። ወፍራምና ወተት መሰል ነጭ የሆነው ሺኖ፣ በመዳብ አረንጓዴ የሚሆነው ኦሪቤ የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ሺኖ የተሠራው በሴቶ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ በ1930 ሸክላ ሠሪው አራካዋ ቶዮዞ በሚኖ ከሚገኝ የጥንት እቶን ፍርስራሽ ውስጥ አንድ ስባሪ አግኝቶ የታሪኩን አቅጣጫ ለውጦታል። በዚያ አካባቢ ባለችው በታጂሚ ከተማ ሸክላን ብቻ የሚያስተምር የከተማ አስተዳደሩ ማሠልጠኛ አለ፤ የልውውጥ ተቋም ባይሆንም፣ ከልውውጡ በኋላ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ሊያስበው የሚገባ ነው።

በኪዩሹ ደሴት የምትገኘው አሪታ የፖርሴሊን፣ ማለትም ከተፈጨ ድንጋይ የሚሠራው ነጭ ሸክላ፣ ከተማ ናት። እዚህ ላይ ታሪኩን በጥሞና ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1592 እስከ 1598 የጃፓኑ ገዥ ሂደዮሺ በኮሪያ ላይ ባካሄደው ወረራ ብዙ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎች ወደ ጃፓን ተወስደዋል፤ በአሪታ ትውፊት መሠረት በ1616 በኢዙሚያማ ኮረብታ ላይ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ድንጋይ ያገኘው ከእነሱ አንዱ የሆነው ሪ ሳምፔይ ነው። የሃጊና የሳትሱማ ሸክላም ጅማሬው ከእነዚሁ ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪው ስለ ጃፓን ሸክላ ሲጽፍም ሆነ ሲናገር ይህን መዝለል የለበትም፤ ከአገራቸው ተነቅለው የመጡት ሰዎች እጅ ዛሬ በምናደንቀው ዕቃ ውስጥ አለና። በአሪታ ለመማር የሚፈልግ ሰው፣ በ2016 የጥበብና የአካባቢ ዲዛይን ፋኩልቲ የከፈተውንና በከተማዋ ውስጥ የሸክላ ካምፓስ ያለውን የሳጋ ዩኒቨርሲቲን ይመልከት። ፖርሴሊን ግን ጥብቅ ጭቃ ነው። በመንኮራኩር ላይ ያጠፉትን ሁሉ ያስታውሳል፤ ጠምዝዘው ያቃኑት ጠርዝ ከእቶን ሲወጣ ተመልሶ ይጠማዘዛል። እጁ ላልተፍታታ ጀማሪ አልመክረውም።

ኪዮቶ የተለየች ናት። አፈሩ በብዛት ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ የከተማዋ ሀብት ሥዕሉ፣ ጥራቱና ከሻይ ሥነ ሥርዓት ጋር ያላት የረጅም ዘመን ትስስር ነው። በጎጆዛካ ሠፈር ይነድዱ የነበሩት ትልልቅ የእንጨት እቶኖች በጭስ ቁጥጥር ምክንያት ሥራ አቁመዋል፤ ከእነሱ አንዱን ዛሬ ሙዚየም በሆነው በሸክላ ሠሪው በካዋይ ካንጂሮ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ኪዮቶ የሚማር ሰው እንግዲህ በኤሌክትሪክና በጋዝ እቶን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይወቅ። በቶቺጊ ግዛት ያለችው ማሺኮ፣ ሸክላ ሠሪው ሃማዳ ሾጂ ከ1924 ጀምሮ የኖረባትና የዕለት ተዕለት ዕቃ ውበት የተሰበከባት፣ ከቶኪዮ የማትርቅ ከተማ ናት። ኦኪናዋም የራሷ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲና የራሷ ደማቅ የሸክላ ወግ አላት።

ማመልከቻና ወጪ

በልውውጥ ስምምነት የሚሄድ ተማሪ የትምህርት ክፍያውን የሚከፍለው ለላከው ዩኒቨርሲቲ እንጂ ለጃፓኑ አይደለም። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ የራስዎ ዩኒቨርሲቲ ከየትኛው የጃፓን ተቋም ጋር ስምምነት እንዳለው ከውጭ ግንኙነት ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የምትማሩ አንባቢዎች በዚህ በኩል ሰፋ ያለ ምርጫ ሊኖራችሁ ይችላል። ስምምነት ካለ በኋላ ስለ ጃፓን የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት፣ በተለምዶ ጃሶ ስለሚባለው፣ ይጠይቁ፤ ይህ ድርጅት ለተመረጡ የአጭር ጊዜ ልውውጥ ተማሪዎች በወር 80,000 የን ይሰጣል፤ ዕጩ የሚያቀርበው ግን ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በራስ ማመልከት አይቻልም።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚነሣ ሰው ይበልጥ የሚታወቀው መንገድ የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውና በአዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ በኩል የሚያልፈው የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ይህ በጥብቅ አነጋገር ልውውጥ ባይባልም ወደዚያው እቶን ያደርሳል። በምርምር ተማሪነት የሚያመለክቱ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ መመሪያው በፋብሪካ ወይም በድርጅት ውስጥ የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና የሚጠይቁ መስኮችን አይቀበልም። ስለዚህ ዕቅድዎ «ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ገብቼ ሙያ ልማር» የሚል እንዳይሆን፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሸክላ ክፍል፣ በአንድ ፕሮፌሰር ሥር፣ ግልጽ ጥያቄ ያለው የጥናት ዕቅድ አድርገው ይጻፉት። ለምሳሌ የአመድ ግሌዝ ከተለያየ ጭቃ ጋር ያለውን ጠባይ ማጥናት ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እጅዎን ጭቃ ውስጥ ከማስገባትም አያግድዎትም።

ከማመልከቻው ጋር የሚላከው የሥራ ማሳያ ብዙ ፎቶ አያስፈልገውም። የሚታየው አንድ ዕቃ ከጎን፣ ከላይና ከሥር ተነሥቶ ቢቀርብ መልካም ነው። የጃፓን መምህር ከሥር የተነሣውን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚያየው እርግጠኛ ይሁኑ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ተቀባይነት ሲያገኙ ዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ብቁነት ማረጋገጫ ወረቀት ከኢሚግሬሽን ያስወጣልዎታል፤ ቪዛው የሚጠየቀው ይህን ይዞ ነው። ወረቀቱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ፓስፖርትዎ ቀድሞ የታደሰ ይሁን። ጃፓን ደርሰው መኖሪያ ቤት በያዙ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻዎን በአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ያስመዝግቡ፤ እዚያው የብሔራዊ የጤና መድን ውስጥ ይገባሉ፣ ከሕክምና ወጪዎም 30 በመቶውን ብቻ ይከፍላሉ። በተማሪ ቪዛ መሥራት የሚቻለው ፈቃድ ተጠይቆ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ነው። ሆኖም የሸክላ ተማሪ በዚህ ሰዓት ላይ ተማምኖ ኑሮውን ባያቅድ ይመረጣል፤ ጭቃ የሚደርቀው በራሱ ሰዓት ነውና፣ የሥራ ፈረቃዎ ደርሷል ብሎ አይጠብቅዎትም። የጭቃና የመተኮሻ ወጪ በአንዳንድ ተቋማት ለብቻው ይከፈላል፤ ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የልውውጥ ጽሕፈት ቤቱ እንግሊዝኛ ቢናገርም የሸክላ ክፍሉ የሚናገረው ጃፓንኛ ነው። ሂራጋናና ካታካና የተባሉትን የጃፓን ፊደላት አጥንተው ይሂዱ፤ የግሌዝ ባልዲዎች ላይ የሚለጠፈው ስም በእነሱና ካንጂ በሚባለው ከቻይና በመጣው ጽሕፈት ነው። ከመደበኛው ሰላምታ ቀጥሎ ሊይዙት የሚገባው የመሣሪያና የሥራ ስሞችን ነው።

በሥራ ክፍሉ ውስጥ

መምህሩ ሴንሴይ ይባላል፣ ቀድመውዎት የገቡት ተማሪዎችም ሰምፓይ ናቸው። በተግባር ግን አብዛኛውን ነገር የሚማሩት ከሰምፓይ ነው፤ ጭቃው የት እንደሚቀመጥ፣ ስፖንጁ ታጥቦ ወዴት እንደሚሰቀል፣ የትኛው ሰሌዳ ለፖርሴሊን ብቻ እንደሆነ የሚያሳዩዎት እነሱ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ቸል አይበሉ፤ ብረት ያለበት ጭቃ ቅንጣት ነጭ ፖርሴሊን ላይ ካረፈ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ የሌላ ሰው የሳምንታት ድካምም ይበላሻል።

ጽዳት ራሱ ትምህርት ነው። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ በውኃ ይጸዳል። የደረቀ ጭቃ ብናኝ ሲሊካ የተባለ ማዕድን አለበት፣ ሲሊካ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያስከትላል። ደረቅ የግሌዝ ዱቄት ሲመዝኑና ሲያቀላቅሉ የአቧራ ማስክ ያድርጉ፤ ሌላው ሰው ባያደርግም እርስዎ ያድርጉ።

መምህሩ አንድን ሥራ ሲያሳይ ብዙ ላይናገር ይችላል። ማብራሪያ እየተከተለ ማስታወሻ መጻፍ ለለመደ ተማሪ ይህ ይከብዳል፤ ነገር ግን በዝምታ የሚሠራውን እጅ በትኩረት ማየት የዚህ ሙያ ዋነኛ የመማሪያ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ክርኑ የት እንዳረፈ፣ ጣቶቹ መቼ እንደሚላቀቁ፣ መንኮራኩሩ መቼ እንደሚቀዘቅዝ ይመልከቱ። ጥያቄዎን ይያዙና ሥራው ሲያበቃ ይጠይቁ። የግሌዝ ቀመር ወይም የሌላን ሰው ያልተጠናቀቀ ሥራ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። ዕቃ ሲያነሡ ቀለበትና ሰዓት አውልቀው፣ በሁለት እጅ፣ ከጠረጴዛው ከፍ ሳያደርጉ ይሁን።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቡን ሊነካው ይችላል። በጃፓን የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ በ1955 ሃማዳ ሾጂን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹ ሸክላ ሠሪዎች በተለምዶ «ሕያው የአገር ሀብት» የሚባለውን ማዕረግ አግኝተዋል። በእኛ አገር በጎንደር አጠገብ በወለቃም ሆነ በደቡብ፣ ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ብቻ ጀበናና ምጣድ የሚያወጡ እናቶች ከክብር ይልቅ ንቀት ሲደርስባቸው ኖሯል። እነዚህን እናቶች ሲሠሩ እያየ ያደገ ተማሪ ጭቃ በማድበልበልና በመደራረብ በሚሠሩት የእጅ ሥራዎች ላይ ከማንም ቀድሞ ይገኛል፤ ይህን ችሎታ ሳያፍር ለመምህሩ ያሳይ።

ጭቃ ማሸትና መንኮራኩር

ማሸት ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው አራኔሪ ይባላል፤ ጭቃውን በሙሉ የሰውነት ክብደት እየገፉ እርጥበቱንና ልስላሴውን ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ኪኩኔሪ ሲሆን ዓላማው በውስጡ የቀረውን አየር ማስወጣት ነው። ቀኝ እጅ ወደ ታችና ወደ ፊት ይገፋል፣ ግራ እጅ ጭቃውን በትንሹ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ግፊት አንዲት እጥፋት ይተዋል፣ እጥፋቶቹም እንደ አበባ ቅጠል ተደርድረው ይታያሉ። ብዙ ጀማሪ የሚገፋው በክንዱ ነው፣ ወዲያውም ይደክመዋል። ጠረጴዛው ከወገብ ዝቅ ያለ ይሁን፣ አንድ እግርዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ክርንዎን ሳያጥፉ ከወገብዎ ይግፉ። በመጨረሻ እጥፋቶቹን እያጠበቡ ጭቃውን ወደ ሾጣጣ ቅርጽ ይሰብስቡት። በቀጭን ሽቦ ለሁለት ቆርጠው ውስጡን ይመልከቱ፤ ቀዳዳ ካለ እንደገና ይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየዕለቱ ከሥራ በፊት ይህን ብቻ ቢያደርጉ ጊዜ ባከነ አይባልም።

የጃፓን መንኮራኩር በአብዛኛው በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የጀመረ ሰው የለመደው በተቃራኒው ስለሆነ እጁ ግራ ይጋባል። መንኮራኩሩን በማብሪያ ማጥፊያው ወደ ለመዱት አቅጣጫ ማዞር ቢቻልም እንዳያደርጉት እመክራለሁ፤ መሣሪያዎቹም ሆኑ የመምህሩ እጅ ለዚያ አቅጣጫ የተስማሙ ናቸውና፣ ያዩትን ለመቅዳት አንድ ዓይነት መዞር ይኖርበታል።

አነስተኛ ዕቃዎች የሚሠሩት ከአንድ ትልቅ የጭቃ ክምር ጫፍ ላይ ነው። ክምሩ በመንኮራኩሩ መሐል ይለጠፋል፤ ከዚያ በሁለት እጅ እያጠበቡ ወደ ላይ ማውጣት፣ ከላይ እየተጫኑ ወደ ታች መመለስ ይከተላል፤ ይህ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም ጭቃው መሐሉን ይይዛል። ክምሩ በሙሉ ፍጹም መሐል መያዝ የለበትም፤ ለአንድ ስኒ የሚበቃው ጫፉ ብቻ ከረጋ ይበቃል። ከዚያ ለአንድ ዕቃ የሚሆነውን መጠን በጣት ጭረት ይለዩ፣ በአውራ ጣት መሐሉን ይክፈቱ፣ ወለሉን ይጫኑት። ይህ መጫን ወሳኝ ነው፤ ከክምር ላይ በሚሠራ ዕቃ ወለሉ ካልታመቀ ሲደርቅ ወይም ሲተኮስ በጠመዝማዛ መስመር ይሰነጠቃል። ግድግዳው ከወጣ በኋላ ቶምቦ የሚባለውን፣ ጥልቀትንና ስፋትን በአንድ ጊዜ የሚለካውን ከቀርከሃ የተሠራ መስቀልማ መለኪያ ያስገቡ። ጠርዙን በእርጥብ ለስላሳ ቆዳ ይያዙ፤ ከንፈር የሚነካው እሱ ነው። በመጨረሻ መንኮራኩሩ በዝግታ እየዞረ ሺፒኪ የሚባለውን ክር ጫፉን ብቻ ያስነኩ፤ አንድ ዙር ሲጠመጠም ወደ ጎን ይሳቡት።

በልምምዱ ወቅት የሠሩትን ሁሉ ማስቀረት አይገባም። ከተደረደሩት ስኒዎች አንዱን በክር ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይክፈሉና የግድግዳውን ውፍረት ይመልከቱ። ወፍራም የሆነው ሥፍራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ በአብዛኛው ከወለሉ በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ፣ እጅዎ እዚያ ላይ ይፈራል ማለት ነው። የቀረውን ጭቃ መልሰው ያሹት። መጠኑን ሲያሰሉ ደግሞ፣ ጭቃው ደርቆና ተተኩሶ ከአሥር በመቶ በላይ ስለሚያንስ፣ 12 ሴንቲ ሜትር የሚፈልጉት ጎድጓዳ ሳህን እርጥቡ ከ13.3 በላይ መሆን አለበት፤ የክፍልዎ ጭቃ በትክክል ስንት እንደሚያንስ ጠይቀው ቶምቦዎን በዚያ ልክ ይሥሩ።

የዕቃው እግር

ኮዳይ የሚባለው፣ ዕቃው የሚቆምበት የታችኛው ቀለበት፣ በጃፓን ከምንም በላይ የሚመረመር ክፍል ነው። በሻይ ሥነ ሥርዓት እንግዳው ሻዩን ከጠጣ በኋላ ጎድጓዳውን ዝቅ አድርጎ ይዞ ይመለከታል፤ እግሩንም ገልብጦ ያያል። ጭቃው ራቁቱን የሚታየው፣ የሠሪው እጅ የሚታወቀውም እዚያ ነው።

ጊዜውን መጠበቅ ግማሽ ሥራ ነው። ዕቃው በጣት ሲጫኑት ቅርጹ የማይለወጥ፣ በጥፍር ሲጭሩት ግን የሚለቅ መሆን አለበት። ቀድመው ከጀመሩ መሣሪያው ይጣበቃል፤ ከዘገዩ ጭቃው ይፈረፈራል። ዕቃውን ገልብጠው መንኮራኩሩ ላይ መሐል ያስይዙና ከሥር በሚቀሩት ጭቃዎች ያጽኑት። ካና በሚባለው የታጠፈ ብረት በመጀመሪያ የውጭውን ዳር፣ ቀጥሎ የእግሩን የውጭ ግድግዳ፣ በመጨረሻ የውስጡን ይቅረጹ። የብረቱን ስለት በየጊዜው በሞረድ ይሳሉ፤ ደነዝ ካና አይቆርጥም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ላዩንም ሞገድ ያደርገዋል። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ መሐሉን በጣት ጫፍ መታ መታ ያድርጉ። ወፍራም ወለል የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲሳሳ ድምፁ ይለወጣል፣ ከጣትዎም ሥር ትንሽ መርገብ ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። ከዚያ ዕቃውን አንሥተው በእጅዎ ይመዝኑት። ዓይን ከገመተው ክብደት ጋር እጅ የያዘው ሲስማማ በትክክል ተቀርጿል።

ማድረቅ፣ ግሌዝና እሳት

በሚያዝያ የገባ ተማሪ በሰኔ የሚጀምረው የዝናብ ወቅት ያገኘዋል፤ ዕቃ ለቀናት አይደርቅም። በመስከረም ወይም በጥቅምት የገባ ደግሞ የጃፓን የብርድ ወቅት ይጠብቀዋል። ማታ ማሞቂያ በሌለው ክፍል የተተወ እርጥብ ዕቃ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሊሰነጣጥቀው ይችላል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣ ሰው ይህን አይጠረጥርም። በጨርቅና በፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ሰምፓይ የሚያስቀምጡበትን ቦታ ይከተሉ።

የመጀመሪያው መተኮስ ሱያኪ ሲሆን ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከእሱ የሚወጣው ዕቃ ውኃ የሚመጥ ስለሆነ የግሌዙን ውኃ ወዲያው ጠጥቶ ዱቄቱን በላዩ ያስቀራል። በባልዲ ውስጥ የሚነከርበት ጊዜ በትንፋሽ የሚቆጠር ነው፤ አንድ ትንፋሽ ሲበዛ ግሌዙ ወፍሮ ይፈሳል። ከመንከርዎ በፊት አቧራውን በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉ፣ ከነከሩ በኋላ የእግሩን ሥር በሚገባ ያጽዱ። ሁለተኛው መተኮስ እንደ ጭቃው ከ1,200 እስከ 1,300 ዲግሪ ይደርሳል። በእቶኑ ውስጥ በቂ ኦክስጅን ሲኖርና ሲያጥር አንዱ ግሌዝ ሁለት መልክ ያወጣል፤ መዳብ በመጀመሪያው አረንጓዴ፣ በሁለተኛው ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ለግሌዝ ናሙና ሲያዘጋጁ በሁለቱም ዓይነት እሳት እንዲተኮስልዎ ይጠይቁ።

የእንጨት እቶን ሲነድድ ለመርዳት ዕድል ካገኙ ፈተና እንኳ ቢኖርብዎት አስተካክለው ይሂዱ። የተደረደሩ ክፍሎች ያሉት ተራራ ላይ የሚወጣው ኖቦሪጋማና ከኮሪያ በ5ኛው መቶ ዘመን የገባው ባለ አንድ ዋሻ አናጋማ ሰው በፈረቃ ሌት ተቀን ይጠብቃቸዋል። ከጥጥ ወይም ከሱፍ የተሠራ ልብስ ይልበሱ፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከእሳት አጠገብ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከመለኮሱ በፊት ጨውና ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ቀርቦ የሚደረግ አጭር ሥርዓት አለ፤ በእምነትዎ የማይሳተፉ ከሆነ በአክብሮት ቆመው መመልከት ይበቃል። ማገዶ ማቀበል ዝቅተኛ ሥራ አይደለም። የእሳቱን ድምፅ፣ የጭሱን መልክ፣ አዲስ ማገዶ መቼ እንደሚጨመር የሚማሩት እዚያው ቆመው ነው። ከጠፋ በኋላ እቶኑ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ለቀናት ተዘግቶ ይቆያል፤ ተቻኩለው ቢከፍቱት ዕቃው ይሰነጠቃል።

ማስታወሻና ወደ ቤት የሚመለሰው ነገር

ለእያንዳንዱ ዕቃ የጭቃውን ዓይነት፣ የእርጥቡን መጠን፣ የግሌዙን ስምና ውፍረት፣ በእቶኑ ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታና የወጣበትን መልክ ይመዝግቡ። ዕረፍት ሲኖርዎት ሙዚየም ይሂዱ። በኦሳካ ያለው የምሥራቅ እስያ ሸክላ ሙዚየም፣ በቶኪዮ ኮማባ በ1936 የተከፈተው የሕዝብ ጥበብ ቤት፣ በአሪታ ያለው የኪዩሹ ሸክላ ሙዚየም ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይበልጣሉ። እርስዎ የሚሠሩትን ዓይነት ዕቃ ብቻ ፈልገው ረጅም ሰዓት ይዩት፣ ከጎን በእርሳስ ይሣሉት። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ በአሪታ የሚደረገው የሸክላ ገበያ ደግሞ ዕቃ አንሥቶ ክብደቱን ለማወቅ የተፈቀደበት ቦታ ነው።

ሲመለሱ ጥቂት ዕቃ ይምረጡና በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የግሌዝ ናሙናዎችዎ ግን አንድም አይቅሩ፤ ከዕቃዎቹ ይልቅ የሚያገለግሉዎት እነሱ ናቸው። በኢትዮጵያ ሥራውን ለመቀጠል ዋናው እንቅፋት ሙቀቱ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚነድድ የባህል እሳት ግሌዝ የሚያቀልጠውን ከ1,200 ዲግሪ በላይ አይደርስም፣ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ እቶን ማግኘት ግድ ይላል። ጥሬው ግን በአገር አለ፤ በጉጂ ዞን ከቦምቦዋ የሚወጣው ካኦሊን የተባለ ነጭ አፈር ለፖርሴሊን ሥራ የሚሆን ነው፣ የባሕር ዛፍ አመድም ከየማድ ቤቱ ይገኛል። ለመጀመሪያ ሙከራ አመዱን በወንፊት ይንፉ፣ ጓንት አድርገው በውኃ ደጋግመው ይጠቡት፤ የመጀመሪያው ውኃ ቆዳ ያቃጥላል። ካደረቁት በኋላ 40 እጅ አመድ፣ 40 እጅ ፌልድስፓርና 20 እጅ ካኦሊን በክብደት መዝነው ይቀላቅሉ፣ በትንንሽ የሸክላ ቁራጮች ላይ በሦስት የተለያየ ውፍረት ይቀቡና ይተኩሱት። አመድ የበዛበት ግሌዝ በጣም ስለሚፈስ፣ ከእያንዳንዱ ናሙና ሥር ዳሩ ከፍ ያለ ትንሽ የሸክላ ሳህን ያስቀምጡ፤ ያለዚያ የእቶኑ መደርደሪያ ይበላሻል።